ጥቁር ዓሣ በነጭ መደብ፦ የሮማውያንን ሞዛይክ በቤታችሁ ለመሥራት

ሥራዬ ሴራሚክ ማንጠፍ ነው፤ ሮም ውስጥ። መታጠቢያ ቤት፣ ኩሽና፣ በረንዳ፣ የተገኘውን አነጥፋለሁ። ሥራ ሲቀዘቅዝ የቆዩ ወለሎችን የሚጠግን አንድ ትንሽ ወርክሾፕ ይጠራኛል። ሞዛይክ፣ ማለትም ትንንሽ የድንጋይ ጠጠር ደርድሮ ምስል ማውጣት፣ የተማርኩት እዚያ፣ ከአንድ ነጭናጫ ሽማግሌ ማኤስትሮ (የሙያው መምህር) ነው። ነጭናጫ የምለው በፍቅር ነው።

ሰዎች የሠራሁትን ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ሥዕል መቻል አለብኝ?» ብለው ነው። የለባችሁም። እኔ ራሴ ፈረስ ሣል ብትሉኝ ውሻ ነው የሚወጣልኝ። የሮማውያን ሞዛይክ ከሠዓሊ ይልቅ ለግንበኛ ይቀርባል። ከሥር ያለውን ንጣፍ በደንብ ከሠራችሁና ጠጠሮቹ በየት በኩል እንደሚሄዱ ካወቃችሁ፣ ዓሣው ዓሣ ይመስላል። እነዚህ ሁለቱ ከተበላሹ ግን የፈለገ ቆንጆ ንድፍ ቢኖራችሁ አያድናችሁም።

የምንሠራው 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰሌዳ ነው። መደቡ ነጭ፣ ዓሣው ጥቁር፣ ዙሪያው ጥቁር ክፈፍ። የጠጠሮቹ ስፋት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። በመሃላቸው 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ስንተው ሰሌዳው ወደ 740 ጠጠር ይፈጃል። ለሚሰበረውና ለሚጣለው ጨምራችሁ 900 ያህል አዘጋጁ። ሁለት ሦስተኛው ነጭ ይሁን።

ለምን ጥቁርና ነጭ?

ጀማሪ ሁሉ ቀለም ያምረዋል። ገብቶኛል። ፖምፔ በምትባለው የጥንት ሮማውያን ከተማ ውስጥ «የፋውን ቤት» ከሚባለው ቤት እ.ኤ.አ. በ1831 የወጣው ሞዛይክ አሁን ኔፕልስ ብሔራዊ አርኪዮሎጂ ሙዚየም ውስጥ አለ። ታላቁ እስክንድር ከዳርዮስ ጋር ሲዋጋ ያሳያል። የፈረሶቹን ዓይን ያየ ሰው በቃ፣ ቤቱ ሄዶ ያንን መሥራት ይፈልጋል። ግን እኮ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጠጠር ነው የገባበት፤ እያንዳንዱም ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው።

ለእኛ ሰው ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ከሮም ወጣ ብላ ፓሌስትሪና የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ያለው ሙዚየም ከላይኛው ፎቅ የአባይን ወንዝ የሚያሳይ ትልቅ ሞዛይክ አለው፤ ወደ 6 ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ታች ላይ የግብፅ ዴልታ፣ ቤተ መቅደሱ፣ ጀልባው ይታያል። ወደ ላይ ስትወጡ ከግብፅ በስተደቡብ ያለው ተራራማ አገር ይመጣል፤ ጥቁር አዳኞች ቀስት ይዘው አውሬ ያሳድዳሉ። አውራሪስ አለ፣ ቀጭኔ አለ፤ ስማቸው በግሪክኛ ከአጠገባቸው ተጽፏል። የአገሬ ሰው ሮም ሲመጣ ኮሎሲየም ፊት ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል። እኔን ካገኘኝ ግን ፓሌስትሪና ነው የምወስደው። ሂዱና እዩት። ከዚያ ግን አትጀምሩ።

ሮማውያን ራሳቸው ለተራው ወለል የሚጠቀሙት ጥቁርና ነጭ ነበር። ሁለት ዓይነት ድንጋይ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ቶሎ ያልቃል፤ ሰፊ ወለል በርካሽ ይሸፍናል። ከ1ኛው እስከ 3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ጣሊያን ውስጥ ጎርፎ ነበር ማለት ይቻላል። ትልቁ ትምህርት ቤት ኦስቲያ ነው፣ የጥንቷ ሮም ወደብ። ሮም ካላችሁ ከፒራሚዴ ሜትሮ አጠገብ፣ ፖርታ ሳን ፓኦሎ ባቡር ተሳፈሩ፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ከቲያትሩ ጀርባ ያለው አደባባይ ዙሪያውን የነጋዴዎችና የመርከብ ባለቤቶች ቢሮዎች ነበሩ። የየቢሮው ደጃፍ ወለል ላይ ሥራቸው በጠጠር ተሥሏል፦ መርከብ፣ የመብራት ማማ፣ ዓሣ። ዛሬ ሊቢያ ውስጥ ካለችው ከሳብራታ የመጡት ነጋዴዎች ደግሞ ዝሆን አሠርተዋል። የዚያን ዘመን የሱቅ ታፔላ በሉት።

ከዚያ ትንሽ ራቅ ብሎ የኔፕቱን መታጠቢያ አለ። ደረጃ ወጥታችሁ ከላይ ነው የምታዩት። የባሕሩ አምላክ በአራት የባሕር ፈረሶች ሲጎተት፣ ዙሪያውን ዶልፊንና ዋናተኛ። ሁሉም ጥቁር ነው። ጡንቻውንም ክንፉንም የሚያሳየው ጥቁሩን ሰንጥቃ የምታልፍ አንድ ረድፍ ነጭ ጠጠር ናት። ሌላ ምንም የለም። ጥላ የለም፣ ግራጫ የለም። የእኛ ዓሣ በዚህ ዘዴ ነው የሚሠራው።

በርካሽ ካልን አይቀር ስለ ሠሪው ክፍያም ልንገራችሁ። ንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ እ.ኤ.አ. በ301 የዋጋና የደሞዝ ጣሪያ አውጆ ነበር። በአዋጁ መሠረት ተራ ወለል የሚያነጥፈው በቀን 50 ዲናር፣ ሞዛይክ ሠሪው 60፣ ግድግዳ ቀቢው 75፣ ምስል የሚሥለው ሠዓሊ 150፤ ምግብ በአሠሪው ነው። የወለል ሰው ያኔም ታች ነበር ማለት ነው። ማኤስትሮዬ ይህንን ወረቀት ላይ ጽፎ ከመሥሪያ ጠረጴዛው በላይ ለጥፎታል።

ዕቃ

ነጩ እብነ በረድ ይሁን። ገንዘብ አውጥታችሁ አትግዙ። እብነ በረድ ቆራጮች ጋ ሂዱና ስባሪ ጠይቁ፤ ሮምም ሆነ አዲስ አበባ ስባሪ ክምር የሌለው ቆራጭ ቤት የለም። 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ፈልጉ። 2 ሴንቲ ከሆነ በውኃ በሚሠራ መጋዝ እንዲሰነጥቁላችሁ ለምኗቸው። ጥቁሩንም ከዚያው ታገኛላችሁ፤ ጥቁር እብነ በረድ ለመስበር ገር ነው። ሮማውያን ለጥቁሩ ብዙ ጊዜ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይጠቀሙ ነበር። አገር ቤት ያላችሁ ጥቁር ድንጋይ ደጃችሁ ላይ ነው፤ ግን ጠንካራ ስለሆነ እጃችሁ እስኪለምድ በእብነ በረድ ጀምሩ።

መስበሪያ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ታሊዮሎ ነው፦ አጭር የብረት ስለት፣ ስለቱ ወደ ላይ ሆኖ ጉቶ ላይ ይተከላል። ሁለተኛው ማርቴሊና፣ ሁለቱም ጫፉ ሹል የሆነ ጠመም ያለ መዶሻ ነው። ጣሊያን ውስጥ ይሸጣል፤ ርካሽ ግን አይደለም። ካላገኛችሁ መሮ ጉቶ ላይ ተክላችሁ ትንሽ መዶሻ መጠቀም ይቻላል። ሴራሚክ መቁረጫ ፒንሳም ይሠራል፤ ባለ ሁለት ጎማው ይሻላል። ማኤስትሮዬ በፒንሳ ስሠራ ካየኝ ፊቱን ያዞራል፤ እናንተን ግን አያያችሁም።

ሌላው ቀላል ነው። ኖራ፣ ንጹሕ የወንዝ አሸዋ፣ የጡብ ወይም የሸክላ ስባሪ፣ የእብነ በረድ ዱቄት፣ ወንፊት፣ ሁለት ባልዲ፣ የግንበኛ ማንኪያ፣ ትንሽ ስፓቱላ፣ ወረንጦ፣ ውኃ ልክ፣ ስፖንጅ። ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽርና የአቧራ ማስክ ደግሞ የግድ ነው። የድንጋይ አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። ኖራ ዓይን ያቃጥላል፤ ከገባባችሁ በብዙ ውኃ ታጠቡና ሐኪም ጋ ሂዱ። በዚህ ቀልድ የለም።

ሲሚንቶ ያልጠራሁት ረስቼው አይደለም። ሲሚንቶ ቶሎ ይደርቃል፣ ያጣድፋችኋል፤ የተሳሳተ ጠጠር ማውጣት አይቻልም። ኖራ ይታገሣል።

ኖራና ገል

ያልሞተ ኖራ፣ ማለትም ገና ውኃ ያልነካውን፣ ቤት ውስጥ አታሟሙ፤ ውኃ ሲነካው ይፈላል፣ ይረጫል። የሞተውን ግዙ። ጣሊያን ውስጥ ልክ እንደ አይብ ሆኖ በባልዲ ይሸጣል። ዱቄቱን ካገኛችሁ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ፣ ከላዩ ጣት የሚያህል ውኃ እንዲቆም አድርጋችሁ፣ ክዳኑን ግጠሙትና ቢያንስ ጥቂት ሳምንት አቆዩት። በቆየ ቁጥር ይለሰልሳል። ፕሊኒ የሚባለው ሮማዊ ጸሐፊ እንዳለው በድሮው የግንባታ ሕግ ሦስት ዓመት ያልሞላው ኖራ ለሥራ አይፈቀድም ነበር። እኛ ሦስት ዓመት አንጠብቅም።

ቀጥሎ ገሉን መውቀጥ ነው። የጡብ ስባሪ፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ የተሰበረ ጀበና፣ የተቃጠለ ሸክላ ይሁን እንጂ ሁሉም ይሆናል። ምጣድ ግን ተዉት፤ ዘይት ጠጥቷል። በጨርቅ ጠቅልላችሁ በመዶሻ ስበሩት፣ ከዚያ ውቀጡት። በሁለት ወንፊት ለዩት፦ ሻካራው እንደ ምስር ክክ፣ ደቃቁ እንደ ዱቄት። ይህ ቀይ ዱቄት ጌጥ አይደለም። ከኖራ ጋር ሲገናኝ እርጥበት የማይፈታው ንጣፍ ይሆናል። የሮማውያን የውኃ ገንዳዎችና መታጠቢያዎች ውስጠኛ ልስን ይህ ነው።

ድንጋዩን መስበር

እዚህ ጋ አትቸኩሉ። ሰው የሚሰለቸው እዚህ ነው፤ ሥራው የሚያምረውም የሚበላሸውም እዚሁ ነው።

መጀመሪያ ቆራጩ ስባሪውን 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው ዘንጎች እንዲሰነጥቅላችሁ አድርጉ። ቤት ስትመለሱ ጉቶውን በሁለት ጉልበታችሁ መሃል አድርጋችሁ ዝቅ ባለ በርጩማ ተቀመጡ። ዘንጉን በግራ እጃችሁ አውራ ጣትና ጠቋሚ ያዙ። ጫፉን ታሊዮሎው ላይ አሳርፉት፤ መሰበር የሚፈልገው ቦታ በትክክል ከስለቱ በላይ ይሁን። ማርቴሊናውን ከሥሩ ጥብቅ አድርጋችሁ አትያዙ፤ ላላ አድርጉት። ከዚያ ጣሉት። አትምቱ፤ ክብደቱ ይበቃዋል። የላይኛው ስለትና የታችኛው ስለት ድንጋዩን መሃል አድርገው ፊት ለፊት ሲገናኙ «ጠቅ» ይላል፤ ጠጠሩ ተለይቶ ይወድቃል።

ድምፁን ስሙ። «ጠቅ» ካለ ትክክል ነው። «ድፍ» ካለ መዶሻው ስለቱን ስቷል፤ ድንጋዩ ተፈረካክሷል ወይም ሾጣጣ ሆኗል። ሾጣጣው አይጣል፤ ለዓሣው ጅራት ያስፈልጋል። ሰብራችሁ ስታበቁ በሦስት ጣሳ ለዩ፦ ሙሉ ካሬ፣ አንድ ጎኑ የጠበበ፣ ሦስት ማዕዘን። በኋላ መደርደር ስትጀምሩ ይህ ልየታ ግማሽ ሥራችሁን ያቀልላችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁሉም ጠጠር እኩል እንዲሆን አትድከሙ። የእኔን ሙያ የሚያውቅ ሰው ይህን ከእኔ አፍ መስማቱ ይገርመው ይሆናል፤ ሴራሚክ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያጣላኛል። ሞዛይክ ላይ ግን ትንሽ መለያየቱ ነው ብርሃን የሚያጫውተው። ገበያ ላይ መረብ ላይ ተለጥፎ የሚሸጠውን «ሞዛይክ» ተመልከቱት፤ ሁሉም አንድ ልክ፣ አንድ ርቀት። የሞተ ነው።

ንጣፉ

ቪትሩቪየስ የሚባለው ሮማዊ አርክቴክት ስለ ወለል አሠራር በሰባተኛው መጽሐፉ ዘርዝሮ ጽፏል። ከሥር እጅ የሚሞሉ ድንጋዮች ይነጠፋሉ። ከላዩ ሦስት እጅ የድንጋይ ስባሪ ለአንድ እጅ ኖራ ተደባልቆ፣ ሠራተኞች ተሰልፈው በእንጨት እየደበደቡ ያጠብቁታል፤ ሲያልቅ ከሮማውያን ጫማ ሦስት አራተኛ፣ በእኛ 22 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ሊኖረው ይገባል። በሱ ላይ ሦስት እጅ የተወቀጠ ሸክላ ለአንድ እጅ ኖራ፣ ስድስት ጣት ውፍረት ይሁን ይላል፤ ወደ 11 ሴንቲ ሜትር ነው። ጠጠሩ የሚደረደረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ኦስቲያ ላይ ዛሬ ቱሪስት የሚራመድበት ወለል ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ያልተነቃነቀው በላዩ ውበት አይደለም።

የእኛ ሰሌዳ ላይ የሚራመድ ስለሌለ እናሳጥረዋለን። ከኮምፔንሳቶ 30 በ30 የሆነ መደብ ቁረጡ፣ ዙሪያውን ከፍታው 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ ምቱበት። ውስጡን ላስቲክ አንጥፉ፤ ካልሆነ እንጨቱ ውኃውን ይጠጣዋል።

የመጀመሪያው ድብልቅ፦ ሁለት እጅ ሻካራ ገል፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ ኖራ። ውኃ በጣም ትንሽ። በእጃችሁ ጨብጣችሁ ስትለቁት ቅርጹን ይዞ መቅረት አለበት፤ ከፈሰሰ በዝቷል። ሁለት ሴንቲ ተኩል ያህል ሙሉትና በእንጨት ደብድቡት። ይሰነጠቃል ብላችሁ አትፍሩ፤ የሚሰነጠቀው ውኃ የበዛበት ነው። ላዩን በማንኪያው ጫፍ ጫር ጫር አድርጉት፣ የሚቀጥለው እንዲይዘው። ከዚያ እርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ ከፀሐይ ራቅ አድርጉና ለአንድ ሳምንት ያህል ተዉት። ጨርቁን በየቀኑ አርጥቡት። ኖራ የሚጠነክረው በመድረቅ አይደለም፤ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ለዚህ እርጥበት ይፈልጋል። ፀሐይ ላይ ያወጣ ሰው ዱቄት ነው የሚያገኘው።

መስመሩ

ጠጠሩ ከመግባቱ በፊት ወረቀት ላይ 30 በ30 ካሬ አውጡ። መሃሉ ላይ 18 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 7 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዓሣ ሣሉ። ሁለት ቅስት መስመር ፊት ለፊት፣ ጅራት፣ አለቀ። ቅርፊት አትሣሉ፣ አትወሳስቡ። አሁን ዋናው ነገር ይመጣል።

ሮማዊ ሞዛይክ ስታዩ ዓይናችሁ ዓሣውን ያያል። እናንተ ግን ነጩን እዩት። ከዓሣው ጎን ያለው ነጭ ጠጠር ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ የዓሣውን ሆድና ጀርባ ተከትሎ ይታጠፋል። አንድ ረድፍ፣ አንዳንዴ ሁለት ሦስት። ከዚያ በኋላ ብቻ ነው መደቡ ቀጥ ባለ ረድፍ የሚሞላው። ያ የሚያቅፍ ረድፍ ከሌለ የዓሣው ጠርዝ የተበላ ጥርስ ይመስላል። ጀማሪ የሠራው ሞዛይክ የሚታወቀው በዚህ ነው። ዓሣውን ጨርሶ ነጩን ዝም ብሎ እንደ ደብተር መስመር ይገጥመዋል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ የዓሣው ጠርዝ፣ አንድ ረድፍ ጥቁር። ቀጥሎ ዓይኑ፣ አንድ ክብ የተደረገ ነጭ ጠጠር። ከጭንቅላቱ ጀርባ የመተንፈሻው ቅስት፣ አንድ ረድፍ ነጭ። ከመተንፈሻው እስከ ጅራቱ መሃል ለመሃል ሌላ አንድ ነጭ ረድፍ ብትጨምሩ ሆዱና ጀርባው ይለያል። የቀረውን የዓሣ ሆድ በጥቁር ሙሉ፤ ረድፉ ከጭንቅላት ወደ ጅራት ይሂድ። ከዚያ ዓሣውን የሚያቅፉት ሁለት ነጭ ረድፎች። ከዚያ ወደ ዳር ሂዱና ሁለት ረድፍ ጥቁር ክፈፍ፣ ከውስጡ አንድ ረድፍ ቀጥ ያለ ነጭ። መጨረሻ ላይ መሃል የቀረውን ነጭ በአግድም ረድፍ።

ቀጥታው ረድፍ የሚያቅፈውን ረድፍ ሲያገኝ ቦታው ያጥራል። ስንጥር የሚያህል ጠጠር ልትከቱ ያምራችኋል። አትክተቱ። ከግማሽ ያነሰ ጠጠር አይገባም። አንድ ሙሉና አንድ ስንጥር ከመሆን ሁለቱንም የሙሉውን ሦስት አራተኛ ያህል አድርጉ። ሴራሚክ ላይም ሕጉ ይኸው ነው፤ በር ሥር ስንጥር የተወ ሠራተኛ ወዲያው ይታወቃል።

ቅስት ላይ አንድ ጎኑ የጠበበው ጠጠር ይግባ፤ ሰፊው ጎን ወደ ውጭ። የጎረቤት ረድፎች መገጣጠሚያ ፊት ለፊት አይግጠም፤ እንደ ጡብ ግንብ ይፈራረቅ። አራት ጠጠር በአንድ ነጥብ ከተገናኘ መስቀል ይሠራል፤ ዓይን ዓሣውን ትቶ እሱ ላይ ይተከላል።

መደርደር

ንድፉን ወደ ጠነከረው ንጣፍ ገልብጡት። ሮማውያን ክርና ምስማር ይዘው ይጭሩ ነበር፤ ቀለም ቀብተው ያስቀመጡት ንድፍም ከጠጠር ሥር ተገኝቷል። እናንተ በምስማር ጫሩት።

የላይኛው ድብልቅ አንድ እጅ ኖራ፣ አንድ እጅ ደቃቅ ገል፣ አንድ እጅ የእብነ በረድ ዱቄት ነው። እንደ ቅቤ ይሁን። ንጣፉን በውኃ አርጥቡ፤ ደረቅ ከሆነ ይጠጣባችኋል። ከዚያ መዳፍ የሚያህል ቦታ ብቻ፣ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ቀቡ። ሁሉንም በአንዴ አትቀቡ። ከሥሩ ያለው ንድፍ ስለሚሸፈን ወረቀቱን ጎናችሁ አድርጉት፤ ዳር ዳሩ ላይ የሚታየው ጭረት ይመራችኋል።

ጠጠሩን ውኃ ውስጥ ነክራችሁ አውጡ። በሁለት ጣት ያዙትና ወደ ታች ግፉት፤ ድብልቁ በጎንና በጎኑ ትንሽ ከፍ ሲል ይሰማችኋል። ሁለት ሦስተኛው ይግባ፣ አንድ ሦስተኛው ይውጣ። ድብልቁ እስከ ላይ ከፈሰሰ አብዝታችኋል፤ በወረንጦ ጫፍ ጥረጉ። ጥቂት ረድፍ ስትጨርሱ ለስላሳ እንጨት ከላይ አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉት፣ ውኃ ልኩን አስተኙበት። ከፍ ያለው ይገባል፤ የሰመጠውን አውጡት፣ ከሥሩ ትንሽ ጨምሩለት።

ለዕለቱ ስታቆሙ ከጠጠሩ አልፎ የቀረውን ድብልቅ በስፓቱላ ቆርጣችሁ ጣሉ፤ ጠርዙን ሰያፍ አድርጉት። ያረጀ ድብልቅ ላይ አዲስ አትደርቡ። የተደረደረውን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑ። ኖራው ቶሎ ስለማይጠነክር በማግስቱ ጠዋት ዓይናችሁ አርፎ ሲመለስ ያልወደዳችሁትን ጠጠር አሁንም ማውጣት ትችላላችሁ።

አሁን ብዙ ወርክሾፕ በተቃራኒው ነው የሚሠራው። ጠጠሩን ወረቀት ላይ በፊቱ ይለጥፋሉ፣ ከዚያ ገልብጠው ሲሚንቶ ላይ ያሳርፉታል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፋኪና የሚባል ከፍሪዩሊ የመጣ ጣሊያናዊ በዚህ ዘዴ የፓሪስን ኦፔራ ቤት አስጊጧል። ፈጣን ነው፣ ለትልቅ ሥራ ጥሩ ነው። ግን የምትሠሩትን ፊቱን አታዩትም። ለመጀመሪያ ጊዜ እያያችሁ ብትሠሩ ይሻላል።

መሙላትና ማለስለስ

ሁሉም ገብቶ ካለቀ በኋላ ሳምንት ያህል በእርጥብ ጨርቅ ሥር ይቆይ። ከዚያ ኖራና የእብነ በረድ ዱቄት ቀጠን አድርጋችሁ በጥብጡ፣ በእጃችሁ (ጓንት!) ክፍተቱ ውስጥ እሹት፣ በእርጥብ ስፖንጅ ጥረጉ። ነጭ ሙሌት ጥቁሩ ላይ ጎልቶ ይታያል ብሎ የፈራ ሰው ጥቁሩ መሃል ትንሽ የከሰል ዱቄት ሊጨምር ይችላል። እኔ አልጨምርም፤ ቀጭን ነጭ መስመር ዓሣውን ያቀለዋል።

ከዚያ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ወር አትንኩት። ሮማውያን ወለሉን በአሸዋና በድንጋይ እያሹ ያለሰልሱት ነበር። እናንተ ውኃ የማይፈራውን ብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልላችሁ፣ ውኃ እያፈሰሳችሁ እሹት። ከ80 ቁጥር ጀምሩ፣ ወደ 120፣ 220፣ 400። አታንጸባርቁት። 400 ላይ ሲደርስ የቆየ ወለል ይመስላል፤ ከዚያ በላይ የሆቴል ሎቢ ነው።

ሰሌዳው ሲያልቅ ወደ 7 ኪሎ ይመዝናል። ግድግዳ ላይ ከሰቀላችሁት በአንድ ምስማር አይሆንም፤ ከሥሩ የሚደግፍ ብረት አድርጉለት። ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ቡና ሲፈስ ወዲያው ጥረጉ። በውኃና በተራ ሳሙና ብቻ ይታጠብ። ኮምጣጤና ሎሚ በፍጹም አይንኩት፤ እብነ በረዱንም ኖራውንም ይበላሉ። ከወራት በኋላ አንድ ጠጠር ቢነቃነቅ ጉድጓዱን ጠርጋችሁ፣ አርጥባችሁ፣ ከዚያው ከላይኛው ድብልቅ በጥፍር ጫፍ ጨምራችሁ መልሱት። ለዚህ ሲባል ሠላሳ ያህል ትርፍ ጠጠር ጣሳ ውስጥ ይቀመጥ፤ ያው ድንጋይ በኋላ አይገኝም።